ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር ነው?

ደም መጣጩ ኦርሎክ የሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ ሰው በሌለበት ጎዳና ይሄዳል። የፀሐይ ብርሃን ካገኘው እንደሚያልቅለት ፊልሙ ራሱ ነግሮናል። እዚህ ግን የቤቶቹ ግድግዳ በብርሃን ፏ ብሏል። ይህን የ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጀርመን ፊልም፣ «ኖስፌራቱ»ን፣ መጀመሪያ ያየሁት በአንድ ርካሽ ዲስክ ነበር፤ ቦታው ላይ ስደርስ በአዘጋጁ ስህተት ሳቅሁ። አዘጋጁ ኤፍ. ደብልዩ. ሙርናው ግን አልተሳሳተም። የተሳሳተው ዲስኩ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ፊልም ብርሃን በብዛት ካላገኘ አይቀርጽም። ስለዚህ ሌሊቱን በቀን ይቀርጹና ወደ ሲኒማ ቤት የሚሄደውን ኮፒ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል። ሰማያዊ ሲሆን ሌሊት ነው፤ ቢጫ ሲሆን ቀን ወይም የመብራት ብርሃን፤ ሮዝ ሲሆን ደግሞ ጎህ እየቀደደ ነው። የያኔው ተመልካች ማንም ሳያስረዳው ይገባው ነበር። በኋላ ግን ፊልሙ በተራ ጥቁርና ነጭ ሲገለበጥ ቀለሙ ቀረ፤ ሌሊቱም አብሮት ቀረ። ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ ኦርሎክ በጠራራ ፀሐይ ሲንሸራሸር ካየነው ያ ዲስክ ዋሽቷል።

የድሮ አስፈሪ ፊልሞች በዲቪዲ፣ በብሉሬይና በፎርኬ እየታደሱ ደግመው ደጋግመው ይወጣሉ። የሚገዛቸውም ሰው «ከቀድሞው ይሻላል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አብዛኛው ሰው የሚመዝነው በጥራት ማለትም በምስሉ መጉላትና መጽዳት ነው። እኔ ግን በጨለማው እጀምራለሁ። አስፈሪ ፊልም ሥራውን የሚሠራው በደንብ በማይታየው ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ የተበላሸ ዲስክ ሌላው ቦታ ቢያምር አይክሰኝም።

ጨለማው ምን እንደሚሆን የሚወስነው ከሁሉ በፊት ዲስኩ ከምን ላይ እንደተቀዳ ነው። ካሜራው ውስጥ ያለፈው ኦሪጂናል ኔጋቲቭ አለ። ከእሱ መካከለኛ ኮፒ ይወጣል፤ ከዚያ ሌላ፤ በመጨረሻ ሲኒማ ቤት የሚታየው። የፎቶ ኮፒን ፎቶ ኮፒ ያነሳ ሰው የሚሆነውን ያውቀዋል፦ ፊደሉ ይወፍራል፣ ግራጫው ይጠፋል፣ ማኅተሙ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ያርፋል። ፊልምም እንደዚያው ነው። በየግልባጩ ጥቁሩ ይደፈናል፣ ነጩ ይቃጠላል፣ በመካከል ያለው ጥላ ይሳሳል። ከሦስተኛ ግልባጭ የተሠራ ዲስክ ማሸጊያው ላይ «ፎርኬ» ቢለጠፍበት፣ 3840 በ2160 ፒክስል ሆኖ የሚታየው ያው የደበዘዘ ነገር ነው።

«ኖስፌራቱ» ኔጋቲቩ የለም። ፊልሙ የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ሳያስፈቅድ ስለወሰደ የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ከሰሰች፤ የጀርመን ፍርድ ቤትም በ1925 ኮፒዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ፈረደ። ያመለጡት ያመለጡት ተለቃቅመው ነው ዛሬ የምናየው የተገኘው። የሙርናው ፋውንዴሽን በ2005 እና 2006 ያሳደሰው ዋና መሠረቱ ፈረንሳይ የነበረ፣ ቀለሙ ያልጠፋ የ1922 ኮፒ ነው። ጭረት አለበት፤ አልፎ አልፎም ምስሉ ይዘላል። እኔ ግን ያን ጭረት ከነሌሊቱ እመርጣለሁ።

የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይህን የ1968 ፊልም ያጠፋው የኮፒ ማነስ ሳይሆን የኮፒ መብዛት ነው። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲለውጥ የአሜሪካ ሕግ በዚያን ጊዜ የሚጠይቀው የባለቤትነት መብት ማስታወቂያ ከርዕሱ ጋር አብሮ ተቆረጠ። አዲሱ ርዕስ ላይ ማንም አልመለሰውም። በዚች በአንዲት መስመር ምክንያት ፊልሙ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ ያገኘው ሁሉ እያባዛ ሸጠው። ለዓመታት ብዙ ሰው ያወቀው በካሴትና በርካሽ ዲቪዲ ሲሆን፣ ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀሱት ሙታን ነጭ እድፍ ይመስላሉ፤ የገበሬው ቤት ውስጡም የከሰል ጎተራ ነው። አንዳንዶች «የፊልሙ ድህነት ነው የሚያስፈራው» ይሉ ነበር። በእርግጥ የተሠራው ወደ 114 ሺህ ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ነው። የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከኦሪጂናል ኔጋቲቩ አሳድሶ በ2016 ሲያሳየው ግን ድህነቱ የኮፒዎቹ እንጂ የሠሪዎቹ እንዳልነበረ ታወቀ። ክራይቴሪዮን የተባለው አሳታሚ በ2018 ባወጣው ብሉሬይ ላይ ዋና ገጸ ባሕርይው ቤን መስኮቱን በሳንቃ ሲያሽግ ፊቱ ላይ የሚወርደው የመብራት ጥላ ደረጃ ደረጃ አለው። ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ቀላል። ሮሜሮ ማስታወቂያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ መብራት ማስቀመጥ ያውቅ ነበር።

ስለ ማጽዳት ሲነሳ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። የፊልም ምስል የሚወለደው ከብር ቅንጣት ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ይርመሰመሳል፤ ባለሙያዎቹ ግሬን ይሉታል። በዲጂታል ካሜራ ላደገ ዓይን ቆሻሻ ስለሚመስለው፣ አንዳንድ አሳታሚዎች በኮምፒውተር ያጠፉታል። ውጤቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ስልካችን ላይ ያለው ፊት የሚያለሰልሰው ፊልተር የሚሠራውን ነው የሚሠራው። ሽፍታው ሲጠፋ የቆዳው ቀዳዳ፣ የጢሙ ፀጉር፣ የግንባሩ ላብም አብሮ ይጠፋል። ተዋናዩ የሰም ሐውልት ይሆናል። የጠፋውን ለመመለስ ብለው ጠርዙን ሲያሾሉት ደግሞ በትከሻው ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ይበቅላል፤ አክሊል ያጠለቀ ቅዱስ ይመስላል። «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶ ማሳከር» በ1974 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ነው፤ ፊልሙ ጠባብ በመሆኑ ቅንጣቱ ጎልቶ ይታያል። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ የላቡ ጨው ሁሉ ያለው እዚያ ቅንጣት ውስጥ ነው።

ቅንጣቱን ዲስኩ ላይ ማኖርም ቦታ ይፈልጋል። ዲቪዲ ለምስል በሰከንድ ከ10 ሜጋ ቢት በታች ነው ያለው፤ ብሉሬይ እስከ 40 ይደርሳል። ጉድለቱ በብርሃን ትዕይንት አይታወቅም። ጭጋግ፣ ጭስ፣ የሻማ ብርሃን የሚደርስበት የግድግዳ ጥግ፣ እነዚህን ተመልከቱ፤ ጥላው ለስለስ ብሎ ከማለፍ ፋንታ እንደ እርከን ከተደራረበ፣ ወይም ጥቁሩ ውስጥ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከተንቀሳቀሱ፣ ዲስኩ ታፍኗል።

ከዚያ ቀለም አለ። የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» (1978) በኢሊኖይ የመከር ወቅት ነው ይላል፤ የተቀረጸው ግን በካሊፎርኒያ በጸደይ ነው። ሠሪዎቹ ቅጠል በቀለም ቀብተው በትነዋል። የካሜራው ባለሙያ ዲን ከንዲ ቀኑን ሞቅ ያለ፣ ሌሊቱን ሰማያዊ አድርጎታል። በ2007 በወጣው ብሉሬይ ላይ ያ ሰማያዊ ደብዝዞ ተገኘ፤ መከሩም በጋ መሰለ። በ2013 ራሱ ከንዲ ያጸደቀው ሲመጣ ነው ነገሩ የተስተካከለው። የፊልሙ ስፋትም ቀልድ አይደለም። ነጭ ጭምብል ያጠለቀው ገዳይ ማይክል ብዙ ጊዜ የሚቆመው በሰፊው ምስል ዳር ነው። በካሴት ዘመን ለቴሌቪዥን ሲባል ሁለቱ ዳሮች ሲቆረጡ አብሮ የተቆረጠው እሱ ነበር።

ድምፁን ሰው ይረሳዋል። የ1931ዱ «ድራኩላ» ርዕሱ ላይ ከ«ስዋን ሌክ» ጥቂት ያሰማና ከዚያ በኋላ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ ያያል። ዝምታው ነው ፊልሙ። በአሮጌ ኮፒ ላይ ግን ያ ዝምታ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿል። የፊልሙ ባለቤት ዩኒቨርሳል በ2012 የራሱን መቶኛ ዓመት ሲያከብር ባሳደሰው ጊዜ ካጸዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው፤ ጫጫታውን ከልክ በላይ የቆረጠ ሰው የላይኛውን ድምፅ አብሮ ይቆርጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው። የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፆችን አዳምጡ፤ ተናጋሪው ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ከመሰላችሁ ተበልቷል። ሌላው ምልክት ንግግሩ ሲቆም ክፍሉም አብሮ ሲጠፋ ነው። እውነተኛ ክፍል ሰው ዝም ቢልም ይተነፍሳል።

በአንድ ድምፅ ማጉያ እንዲሰማ የተሠራን ፊልም በስድስት ማጉያ ማከፋፈልም የተለመደ ነው። ነጎድጓድ ይጨመራል፣ በሩ ከጀርባችሁ ይንቋቋል። ጥንት የነበረው ነጠላ ድምፅ ከጎኑ እስካለ ድረስ አልቃወምም፤ ከሌለ ግን ዲስኩን አልገዛም። የዳሪዮ አርጀንቶ «ሱስፒሪያ» (1977) ከመነሻውም ባለ አራት መስመር ድምፅ ነበረው። ሲናፕስ የተባለው አሳታሚ የካሜራውን ባለሙያ ሉቺያኖ ቶቮሊን ይዞ ሲያሳድሰው፣ ያንን የ1977 የእንግሊዝኛ ድምፅም ፈልጎ መለሰ። የጎብሊን ባንድ ሙዚቃ እዚያ ላይ ከየአቅጣጫው ሲያንሾካሹክ መስማት ሌላ ነገር ነው።

በአውሮፓ የዲቪዲ ስልት የወጡትን ካገኛችሁ ደግሞ ሰዓቱን ተመልከቱ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ የእነሱ ቴሌቪዥን፣ የእኛም ጭምር፣ 25 ነው። ልዩነቱን ለማቃለል ፊልሙን አፍጥነው ስለሚያጫውቱት 100 ደቂቃው በ96 ያልቃል፤ ድምፁም ካልታረመ ይቀጥናል። ቀጭን ድምፅ ያለው ጭራቅ ማንንም አያስፈራም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ሊያበላሸው ይችላል። ከሱቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እንቅስቃሴ ማለስለሻው ክፍት ነው፤ የ1931ዱን የድራኩላ ቤተ መንግሥት የዛሬ ተከታታይ ድራማ ያስመስለዋል። እሱን ዝጉት፣ ማሾያውን ዝቅ አድርጉት፣ የሳሎኑንም መብራት አጥፉ።

«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» መጨረሻው ላይ መንቀሳቀሱን ትቶ ፎቶግራፍ ይሆናል። የሥጋ መንጠቆ የያዙ ሰዎች፣ መሬት ላይ የተዘረረ አካል፣ የተከመረ እንጨት። ሆን ተብሎ እንደ ጋዜጣ ፎቶ የሻከሩ ናቸው። የጽዳት ሶፍትዌር ይህን ከቆሻሻ መለየት አይችልም፤ ሰው ካልከለከለው ያለሰልሰዋል። የዚህ ፊልም አዲስ ዲስክ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምከፍተው እነዚህን ፎቶዎች ነው። ሻካራነታቸው ካለ ወደ ኋላ እመልስና መኪናዋ ወደ መቃብር ቦታው ከምትገባበት እጀምራለሁ።