በማሽን ጥገና ወቅት ኃይልን ቆልፎ መሥራት ድንገተኛ አደጋን ይከላከላል

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መራዊ በበቆሎ ምርቱ የሚታወቀው የሜጫ አካባቢ የገበያ ማዕከል ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መስመር ኅብረተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ማሽን ወፍጮ ነው። በማሽን ጥገና ወቅት የሚያጋጥመውን አደጋ ለመረዳትም ከወፍጮ ቤት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ወፍጮ በሥራ ላይ እያለ ለጥገና ጊዜ አይሰጥም፤ እህሉን የያዘው ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃልና። ስለሆነም መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሠራተኛው አጋጣሚውን ተጠቅሞ ቺንጊያውን ያስተካክላል፣ የተጠቀጠቀውን ዱቄት ይጠርጋል ወይም ድንጋዩን ለመውቀር ወፍጮውን ይከፍታል። ማሽኑ ቆሟል፣ ድምፅም የለም። ነገር ግን ማሽኑን ያቆመው የመብራቱ መጥፋት እንጂ ማጥፊያው አይደለም። ማብሪያው እንደተገናኘ ከሆነ መብራቱ በተመለሰበት ቅጽበት ሞተሩ ይነሳል፤ እጅ ደግሞ በዚያን ጊዜ በቺንጊያውና በፑሊው መካከል ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ማሽን እንዲህ አይነሳም። በቁልፍ ተጭኖ የሚነሳና ኮንታክተር የተገጠመለት ሞተር ኃይል ሲቋረጥ ራሱን ስለሚለያይ መብራት ቢመለስም ዳግም ካልተጫኑት አይሠራም። በእጀታ በሚገናኝ ማብሪያ የሚሠራው ግን ይህ መከላከያ የለውም። ኮንታክተር መኖሩም ቢሆን ቆልፎ መሥራትን አይተካም፤ ማስነሻውን ሌላ ሰው መጫን ይችላልና።

አሠራሩ በባለሙያዎች ዘንድ ኃይልን መለየትና መቆለፍ በመባል ይታወቃል። ጥገና የሚያከናውነው ሠራተኛ በቅድሚያ በማሽኑ የሚጠቀሙትን ያሳውቃል፤ ማሽኑን ያቆማል፤ ከዚያም ዋናውን ማብሪያ ከፍቶ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፈዋል፤ ስሙንና ቀኑን የያዘ ምልክትም ያንጠለጥላል። ቁልፉ በኪሱ ይሆናል። በአንድ ማሽን ላይ ሦስት ሰዎች ከሠሩ ሦስት ጓጉንቸሮች ይሰቀላሉ፤ የመጨረሻው ሰው የራሱን እስኪያነሳ ድረስ ማሽኑ አይነሳም። “አትንካ” የሚል ወረቀት ብቻውን በቂ አይደለም። ወረቀቱ ሊወድቅ፣ ላይነበብም ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደረጃ ሙከራው ነው። ከቆለፉ በኋላ ማስነሻውን ተጭኖ ማሽኑ አለመነሳቱን ማረጋገጥ፣ መፈተሻ መሣሪያውንም አስቀድሞ ኃይል ባለበት መስመር ላይ ሞክሮ መሥራቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የተሳሳተ ብሬከር ተዘግቶ የሚሠራበት አጋጣሚ የሚታወቀው በዚህ ደረጃ ነው።

ኤሌክትሪክ ብቻውን አይደለም አደገኛው። በቡሬ የተገነባውን የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሳሰሉ ሥፍራዎች በሚተከሉ ፋብሪካዎች እንፋሎት፣ የታመቀ አየርና የሃይድሮሊክ ግፊት ከሞተሩ ጋር አብረው ይኖራሉ። ማብሪያው ከተቆለፈ በኋላም በቧንቧው ውስጥ ግፊቱ ይቀራል፤ የተወጠረ ሞላም እንደተወጠረ ይቆያል። እነዚህን ማስተንፈስና ማላላት፣ ወደ ላይ የተነሳውን ክብደት በድጋፍ ማቆም ግዴታ ነው። በየወረዳው ያሉ ገልባጭ መኪናዎች ለዚህ ቅርብ ማሳያ ናቸው፤ የተነሳ ሳጥን ሥር በሃይድሮሊኩ ብቻ ተማምኖ መግባት አንድ ቱቦ ሲፈነዳ ሕይወት ያሳጣል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኩል ይበልጥ ትኩረት የሚያሻው የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ያለ መቀያየሪያ በቀጥታ ከሕንፃው መስመር ጋር ከተያያዘ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የአካባቢው ትራንስፎርመር በተገላቢጦሽ ስለሚሠራ የ380 ቮልቱ ኃይል ወደ 15 ሺህ ወይም ወደ 33 ሺህ ቮልት ከፍ ሊል ይችላል። መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመስመር ሠራተኛ አደጋ ላይ የሚወድቀው በዚህ ሁኔታ ነው። ባለሙያዎቹ መስመሩን ፈትሸው ከመሬት ጋር የሚያያይዙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/96ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደገኛነትም የማስገንዘብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል፤ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በመሆኑም ቆልፎ የመሥራት መመሪያ በጽሑፍ መኖሩ ለሁለቱም ወገን መተማመኛ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ቢሆንም ቺንጊያና ጄኔሬተር በዚህ ልዩነት አያደርጉም።

በዚህ ረገድ በሰፊው የሚጠቀሰው የዩናይትድ ስቴትስ የሥራ ደህንነትና ጤንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ደንብ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደንቡን ማክበር በዓመት 120 ያህል የሞትና 50 ሺህ ያህል የአካል ጉዳቶችን እንደሚያስቀር ይገምታል።

አሠራሩ የሚጠይቀው ወጪ ከፍተኛ አይደለም። ለእያንዳንዱ የጥገና ሠራተኛ አንድ ጓጉንቸርና አንድ ቁልፍ፣ የምልክት ካርዶች፣ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የኃይል ምንጮቹን የሚዘረዝር አንድ ገጽ ጽሑፍ ያስፈልጋል። አስቸጋሪው የፈረቃ ለውጥ ሰዓት ነው፤ የወጪው ሠራተኛ ጓጉንቸር ከመነሳቱ በፊት የገቢው መሰቀል አለበት። የግዥ ክፍሎችም ጄኔሬተር በሚያዝዙበት ጊዜ ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን መቀያየሪያ፣ ማሽን በሚያዝዙበት ጊዜ ደግሞ ሊቆለፍ የሚችል ዋና ማብሪያን በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ማካተት ይኖርባቸዋል፤ ከተከላ በኋላ ማስገጠም ተጨማሪ ወጪና ሥራ ማቆምን ያስከትላልና።