«ሌላ ውሻ አላመጣም» ማለት ይቻላል

ወዳጄ ሆይ፣ ውሻህ ሞቶብህ አልቅሰህ ታውቃለህ? «ለውሻም ይለቀሳል እንዴ?» ብለው ስቀውብህ እንባህን ደብቀህ ከሆነ፣ ይህ መልእክት ላንተ ነው። እህቴ፣ ላንቺም ነው።

በአጥቢያችን ያሉ አንዲት እናት ቡቺ የሚሉት ውሻቸው በ11 ዓመቱ ሞተባቸው። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ማታ በር የሚዘጉት ከቡቺ ጋር ነበር። እኔም ላጽናናቸው ሄጄ፣ ገና ቡናው ሳይፈላ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ቡችላ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ባሌ የሞተ ጊዜ ሌላ ባል ላምጣልዎት አላልከኝም» አሉኝ። ምን ልበል? ቸኩዬ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ፍቅር አይስቅም። በ2ኛ ሳሙኤል 12 ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን አስብ። የድሃው ሰው አንዲት በግ ከልጆቹ ጋር አድጋ፣ ከራሱ ምግብ እየተካፈለች፣ እቅፉ ውስጥ ትተኛ ነበር። ዳዊት ታሪኩን ሲሰማ «በግ ብቻ እኮ ነች» አላለም፤ ተቆጣ፣ አራት እጥፍ ይከፈል ብሎም ፈረደ። በዘጸአት 22 ያለው ሕግም እንዲያ ነው። ግን እስቲ ልጠይቅህ፣ አራቱ በጎች አንድ ላይ ቢነዱለት ያቺን አንዷን ይሆኑለታል?

ለዚህ ነው ሰው «አልተካም» ቢል ቅር አንሰኝ የምለው። በሞተው ፋንታ የመጣ ቡችላ ያላጠፋው ጥፋት ይቆጠርበታል። «ቡቺ እንዲህ አያደርግም ነበር» እየተባለ ያድጋል፤ ምስኪን!

ደግሞም ሒሳቡን በሐቅ እናስላ። ቡችላ በደህና ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። እኚህ እናት ከ70 አልፈዋል። ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በየጊዜው ማን ይወስደዋል? እርሳቸው ቢታመሙ ማን ያበላዋል? ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ይነግረናል። አንዳንዴ ማሰብ ማለት አለማምጣት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ውሻህ የሞተው በፓርቮ ከሆነ፣ ቫይረሱ ግቢው አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ ማስገባት ሁለተኛ ሐዘን መጥራት ነው። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ።

ታዲያ «ዳግም ማንንም አልወድም» ብለህ ከሆነ በርህን የዘጋኸው፣ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሰው ጋር ተነጋገርበት፣ ጸልይበትም። የእማማ ግን እንዲያ አልነበረም። ጎረቤት «ሌባ ይገባብዎታል» ሲላቸው በሩ ላይ መብራት አስገጠሙ። የቡቺን ሳህን አጥበው ለጎረቤት ውሻ ሰጡ።

«ማታ በር ስዘጋ አሁንም እጠራዋለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ስለ ቡችላ ደግሜ አላነሳሁም። ሦስቱንም ቡና ጠጥቼ፣ ስለ ቡቺ ሲያወሩ አመሸሁ።