የጤና መድን አባላት መድኃኒት ሲያጡ፦ የግል መድኃኒት ቤቶች ለምን ውል ለመግባት ያመነታሉ?

የድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል ከከተማዋ ነዋሪዎች በተጨማሪ ከአጎራባች የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል ወረዳዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያስተናግዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ዓመታዊ መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ በመሆኑ፣ ውል ባለው የመንግሥት ጤና ተቋም በሪፈር ሥርዓቱ ሲታከም ለምርመራም ሆነ ለመድኃኒት ገንዘብ አይጠየቅም። ችግሩ የሚነሳው የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ሳይኖር ሲቀር ነው። ታካሚው ማዘዣውን ይዞ ከዚራ ወይም ሳቢያን ወደሚገኝ የግል መድኃኒት ቤት ቢሄድና መታወቂያውን ቢያሳይም፣ ውል ከሌለ ከኪሱ መክፈል ግድ ይሆንበታል። ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ሕመምተኛ ይህ በየወሩ የሚደጋገም ወጪ ነው።

ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር በዋናነት በመንግሥት ጤና ተቋማት ላይ ተመሥርቶ ነበር። በአዲስ አበባ የከተማ አስተዳደሩ ከነማ መድኃኒት ቤቶች ክፍተቱን ለመሙላት በውል ገብተዋል። ከጀርባቸው አስተዳደሩ ስላለ የክፍያ መዘግየትን መቋቋም ይችላሉ። በአንድ ባለሙያ የሚተዳደር አነስተኛ መድኃኒት ቤት ግን ይህ አቅም የለውም።

ምክንያቱ የገንዘብ ዝውውሩ ነው። መድኃኒት ቤቱ ከአከፋፋይ የሚገዛው በእጅ በእጅ ወይም በአጭር ጊዜ ዱቤ ሲሆን፣ መድን ሰጪው ወይም ሠራተኞቹን በዱቤ የሚያሳክመው መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ሰነዱ ተሰብስቦ ከተመረመረ በኋላ ነው። የሐኪሙ ፊርማ ወይም ማኅተም ከጎደለ፣ የአባሉ መለያ ቁጥርም ከተሳሳተ ሒሳቡ ተመላሽ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ግን ቀድሞ ተወስዷል። ምርመራው የጋራ ገንዘብን ከብክነት ስለሚጠብቅ ሊቀር አይገባም፤ ሸክሙ የሚከብደው ውሳኔው ሲጓተት ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ በመናሩ፣ ዘግይቶ የሚገኝ ክፍያ የተሸጠውን ያህል መልሶ ላይገዛ ይችላል።

ድሬዳዋ ላይ ሌላም ውስብስብነት አለ። መዋጮው በየአካባቢው ቋት የሚሰበሰብ በመሆኑ ከሌላ አካባቢ የመጣ ታካሚ ሒሳብ የሚጠየቀው ታካሚው አባል ከሆነበት ቋት ነው። ስለሆነም መድኃኒት ቤቱ ውል ከመግባቱ በፊት የመክፈያ ጊዜው፣ ተመላሽ የሆነ ሰነድ የሚታረምበት መንገድና ከፋዩ ማን እንደሆነ በግልጽ እንዲጻፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ታካሚውም ከውጭ ከመግዛቱ በፊት መድኃኒቱ በተቋሙ እንደሌለ በማዘዣው ላይ አስመዝግቦ፣ ገንዘቡ ተመላሽ መሆን አለመሆኑን ከአካባቢው የመድን ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ፣ ደረሰኙንም መያዝ ይጠበቅበታል።