ከእርቁ በኋላ ማን ይቆጥራል?

በወሎ ሰው በጥይት ሲወድቅ ሽማግሌዎች እጅግ የሚፈሩት ሁለተኛውን ጥይት ነው፤ ይኸውም የበቀሉን። ስለዚህ አበጋር የሚባሉት የእርቅ አባቶች፣ አበጋርነቱ ከአባት ወደ ልጅ የወረደላቸው፣ በሁለቱ ወገን መካከል ይገባሉ፤ ዱዓ አድርገው፣ ካሣ አስቆርጠው ደሙን ያደርቃሉ።

ይህ ሥራ የተከበረ ነው። ግን የጥይቱን ሞት በእርግጥ ይቀንሳልን? ብለን ስንጠይቅ የሚነገረን ይህን ያህል ሰው ታረቀ፣ ይህን ያህል በግ ታረደ የሚል ነው። የታረደው በግ የእርቁን ወጪ እንጂ ፍሬውን አይነግረንም። ፍሬው የሚታወቀው ከታረቁት ቤተ ሰቦች ስንቶቹ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እንደ ገና ደም ተቃቡ ብሎ በመቁጠር፣ ካልታረቁትም ጋር በማስተያየት ነው። ያም ቢሆን እርቅ የሚቀበለው ቀድሞውኑ በቀል የሰለቸው ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለብንም።

በአሜሪካ ቦስተን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ፖሊስና የሃይማኖት አባቶች ተባብረው በጀመሩት ሥራ የወጣቶች ግድያ በ63 በመቶ መውረዱን መርማሪዎች ጽፈዋል። ከሌሎች ከተሞች ጋርም አስተያይተውታል። ሆኖም በዚያው ዘመን ግድያ በመላው አሜሪካ እየቀነሰ ስለ ነበረ ክርክሩ አልቀረም።

ወጥመዱ በእኛ ዘንድ ይብሳል። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት በጦርነቱ ተይዘው በኅዳር መጨረሻ ተለቀቁ። እንግዲህ በ2015 አንድ የሰላም ኮሚቴ ተቋቁሞ የዓመቱን ሙት ካለፈው ዓመት ጋር ቢያስተያይ፣ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ እንኳ አሸናፊ ነው! የደሴ ሆስፒታልም በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ ነበርና፣ በእነዚያ ወራት የቁስለኛ መዝገብ ባዶ ቢገኝ ሰላም ነበር ማለት አይደለም። ኮምቦልቻን በደሴ እንመዝን ቢባልም መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውም ጠመንጃም ቁልቁል ይወርዳል።

በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለን፤ ደብተር መያዝ አያቅተንም። አበጋሮቹን አስፈቅደን ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የጠቡን ምክንያት፣ ከዓመት በኋላም ደም መፍሰስ አለመፍሰሱን እንጽፍ። ስም ግን አንጽፍ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለሃይማኖትና ለባህል ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተ ሰብ ጉዳይን ነው፤ ነፍስ ግድያ የዐቃቤ ሕግ ነው። ስም የያዘ ደብተር ነገ የክስ ማስረጃ ቢሆን፣ ከዚያ ወዲያ በፊታችን አፉን የሚከፍት ሽማግሌ አናገኝም።