ሁለት ዛፍ ወይስ አንድ? የሕክምና ተማሪዎች በዋርድና በሰፈር መካከል

ባለፈው ሰሞን አንዲት የፎርም ፎር ተማሪዬ ከክፍል ስንወጣ አስቆመችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ እኔ ዶክተር መሆን ነው የምፈልገው። ግን የሕክምና ተማሪዎች ሆስፒታል እያደሩ፣ እንደገና ደግሞ በየሰፈሩ ዞረው ሽንት ቤት ይቆጥራሉ ይባላል። እውነት ነው እንዴ? ምን ያደርግላቸዋል?»

ጥያቄዋ ጥሩ ነው። አባቶቻችንም «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። እኔ የጤና ትምህርት ጀምሬ፣ ሳልጨርስ የተሰደድኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ያየሁትንና የማውቀውን ያህል በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በአገራችን ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን መከራ ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብሎ በመጠበቅ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አብሮ እያሠለጠነ፣ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ የሁሉም አገር ሥራ እንዲሆን ታወጀ። በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት (በኋላ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነው) ትምህርቱን ከመነሻው በኅብረተሰቡ ላይ ተመሥርቶ ጀመረ። እዚህ ኬንያም ቢሆን በኤልዶሬት የሚገኘው የሞይ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት «ኮቤስ» በሚባለው ፕሮግራሙ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልካል።

አሠራሩ ምን ይመስላል?

የጅማን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሦስት መልክ አለው። አንደኛው፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ቀበሌ ይወጣሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ችግሩን ያጠናሉ፣ የትኛው እንደሚቀድም ከነዋሪው ጋር ይመክራሉ፣ ዕቅድ ያወጣሉ፣ የሚቻለውን ይሠራሉ፣ በመጨረሻም ሥራውን ይገመግማሉ። ሁለተኛው፣ ወደ መመረቂያቸው የተቃረቡ የሕክምና፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። እዚያ በሽተኛም ያክማሉ፣ ሰፈርም ወጥተው ያስተምራሉ። ሦስተኛው ምርምር ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የሕክምና ተማሪ ክሊኒካል ሲገባ በየተራ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች ይዞራል። ጠዋት ከራውንድ በፊት በሽተኛውን አይቶ መዘጋጀት አለበት። ቀን ትምህርት አለ፣ ማታ ዱቲ አለ፣ የየክፍሉ ፈተና ደግሞ አይቀርም። የዋርድ ሰዓት ይኼ ነው።

የሰፈር ሰዓት ሌላ ነው። ገበሬው ጠዋት እርሻ ላይ ነው፣ እናቶች በገበያ ቀን አይገኙም፣ የአገር ሽማግሌ ደግሞ በጥድፊያ አይነጋገርም። ቡናው ተፈልቶ፣ ሰላምታው ተደርሶ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ታዲያ ምን ያደርጋል? ፈተና ወዳለበት ይሮጣል። ሰፈሩ ወረቀት ተሞልቶለት ይቀራል።

ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወውና፣ በተማሪነቴ መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት በር ላይ ተቀብለው አስቀመጡን። «ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቅ አሉና «ልጄ፣ አምናም እንዳንተ ያሉ ልጆች መጥተው ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። የአምናው መልሴ የት ደረሰ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ማታ ከጓደኞቼ ጋር የአምናውን ሪፖርት ፈልገን አገኘነው። ምንጩ ለከብትና ለጎርፍ የተጋለጠ መሆኑ በደንብ ተጽፏል። ማርክም ተሰጥቶበታል። ምንጩ ግን እንዳለ ነው።

የቀረን ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነበር። ሌላውን ዕቅድ ሁሉ ሰርዘን ምንጩ ላይ ብቻ አተኮርን። ነዋሪው እንጨትና ድንጋይ አመጣ፣ ከብት እንዳይገባ ታጠረ፣ ከላይ ደግሞ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ተቆፈረ። ትልቅ ሥራ አይደለም። የምንጩን ጥበቃ ግን ለሰፈሩ ኮሚቴ አስረክበን ሄድን። ያቺ ሳምንት ከብዙ ሌክቸር በላይ አስተምራኛለች።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት ማስኬድ ይቻላል?

1. ጊዜው ይከለል። ተማሪው ሰፈር ሲመደብ ከዱቲ ነፃ መሆን አለበት። «በትርፍ ሰዓትህ ሥራው» ከተባለ አይሠራም፤ የሕክምና ተማሪ ትርፍ ሰዓት የለውማ!

2. ሥራው ትንሽ ይሁን፣ ይለቅ ግን። አሥር ችግር ከመዘርዘር አንዱን መፍታት ይሻላል።

3. ርክክብ ይኑር። ዋርድ ውስጥ ተረኛ ሲቀያየር በሽተኛውን ያስረክባል። ሰፈርም እንደዚያው ነው። የሚሄደው ቡድን ለሚመጣው ቡድንና ለነዋሪው ኮሚቴ ምን እንደተጀመረና ምን እንደቀረ በጽሑፍ ይተው።

4. ለጠየቅነው ሰው መልሱን እንመልስለት። ነዋሪው ጊዜውንና ምሥጢሩን ሰጥቶናል። ያገኘነውን በሚገባው ቋንቋ ተሰብስቦ የመስማት መብት አለው።

5. ዋርዱንና ሰፈሩን እናገናኝ። በተቅማጥ ተዳክሞ የተኛ ሕፃን ቢመጣ፣ ኦ.አር.ኤስ. ወይም በደም ሥር የሚገባ ተገቢውን ፈሳሽ ሰጥቶ ማዳን ግዴታ ነው። ግን እናቱን «ውሃ የምታመጪው ከየት ነው? በምንስ ታስቀምጪዋለሽ?» ብሎ ያልጠየቀ ተማሪ፣ ያው ሕፃን ተመልሶ ሲመጣ ሊደነቅ አይገባውም።

እኛስ?

ይህ ነገር ለዶክተሮች ብቻ ነው እንዳትሉ። እዚህ ካምፕ ውስጥ ጠዋት ቤት ለቤት እየዞሩ ጤና የሚያስተምሩ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደብተር ይዘው የሚማሩ ወጣቶች አሉን። የእነሱም ድካም ያው የሁለት ሰዓት ድካም ነው። ፈተና ሲደርስ ተለዋውጠው እንዲሠሩ ብንረዳቸው ሁለቱም ሥራ አይጎዳም።

የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ልጆችም በየብሎኩ ዞረው ስለ ውሃ አያያዝ መጠየቅ ይፈልጋሉ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ቧንቧው ላይ ንጹሕ የነበረ ውሃ በቆሸሸ ጀሪካን፣ ወይም እጅ በተነከረበት ኩባያ ሊበከል ይችላልና። ግን ልጆቼ፣ አንድ ነገር አደራ፦ መጠይቁን ከማባዛታችሁ በፊት መልሱን ይዛችሁ የምትመለሱበትን ቀን ቁረጡ። ጀሪካን የማጠቢያ ቀን ማዘጋጀት ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ የምትሠሩት አንድ ሥራ ይኑራችሁ። በስደት ያለ ሕዝብ ብዙ ተጠይቋል፣ ብዙ ተመዝግቧል። እናንተም እንደ ሌላው ጠይቃችሁ እንዳትጠፉ።

ለተማሪዬ የሰጠኋትም መልስ ይኸው ነው። አዎ፣ እውነት ነው፣ ሽንት ቤት ይቆጥራሉ። ዛፉ ግን ሁለት አይደለም፣ አንድ ነው። ዋርድ ውስጥ የምናየው ቅርንጫፉን ነው፤ ሥሩ ያለው ሰፈር ነው። ዶክተር ስትሆኚ ከሁለቱም በኩል እንድታውቂው ነው ይህ ሁሉ ድካም።