ቫይብራፎንና የጃዝ ሃርመኒ

ቫይብራፎን እንደ ፒያኖ ቁልፎች በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የአሉሚኒየም ጠፍጣፎችን ክር በተጠመጠመባቸው መምቻዎች እየመቱ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። የተለመደው ዓይነት ሦስት ኦክታቭ ያለው ሲሆን 37 ጠፍጣፎች አሉት። ከእያንዳንዱ ሥር ድምፅ የሚያጎላ ቱቦ ተንጠልጥሏል፤ በቱቦዎቹ አፍ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከሩ ክብ ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠፍጣፎቹ ከማፈኛው ይላቀቁና ድምፁ ይረዝማል፤ ሲለቀቅ ይቆማል። መሣሪያው የዛሬውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1930 ላዮነል ሃምፕተን ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ሲቀረጽ ደግሞ ጃዝ ውስጥ ቦታ አገኘ።

የጃዝ ሃርመኒ ትምህርት የሚጀምረው ከባለ አራት ድምፅ ኮርዶች ነው። ሬ ማይነር ሰባተኛ፣ ሶል ሰባተኛ፣ ዶ ሜጀር ሰባተኛ የሚለው ሽግግር በጃዝ ዜማዎች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ተማሪው የሦስቱን ኮርዶች አሥራ ሁለት ድምፆች ከመጨበጡ በፊት የየኮርዱን ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፅ ብቻ ቢከታተል ይበቃዋል። በመጀመሪያው ኮርድ ፋና ዶ አሉ። ወደ ሁለተኛው ሲታለፍ ፋ ባለበት ይቆያል፤ ዶ በግማሽ እርከን ወርዶ ሲ ይሆናል። በሦስተኛው ሲ ይቆይና ፋ ወደ ሚ ይወርዳል። መሠረቱን ቤዝ ስለሚይዘው አራት መምቻ ለያዘ ተጫዋች በግራ እጅ ያሉት ሁለቱ ለዚህ ይበቃሉ፤ ቀኝ እጅ ለዜማው ነጻ ይሆናል።

አስቸጋሪው ነገር መምታቱ አይደለም፣ ዝም ማሰኘቱ ነው። ፔዳሉ እንደተረገጠ ኮርድ ቢቀየር ያለፈው ዶ ከአዲሱ ሲ ጋር ይጋጫል። ፔዳሉ ቢለቀቅ ደግሞ ሊቆይ የሚገባው ፋ አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው አንዱ መምቻ አዲሱን ድምፅ ሲመታ ሌላው የማይፈለገውን ጠፍጣፋ ተጭኖ ማፈን ነው። ይህን ስልትና በስሙ የሚጠራውን የአራት መምቻ አያያዝ ያስፋፋው በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ጌሪ በርተን ነው። አራት መምቻ ግን ግዴታ አይደለም፤ ሚልት ጃክሰን በሁለት መምቻና በዝግታ በሚዞር ሞተር የሠራው ብሉዝ እስከ ዛሬ አቻ የሚገኝለት አይመስልም።

ለኢምፕሮቫይዜሽን 12 ባር ያለው ብሉዝ ጥሩ መነሻ ነው። በመጀመሪያ የኮርዱ ድምፆች ብቻ ይመታሉ፤ ቀጥሎ ወደ እነሱ በግማሽ እርከን ከታች ወይም ከላይ መቅረብ ይለመዳል። ከዚያ የአንድ ባለሙያ ሶሎ በጆሮ ተጠንቶ መጀመሪያ በአፍ ይዜማል፤ ወደ መሣሪያው የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። ቫይብራፎን ትንፋሽ ስለማይጠይቅ ተጫዋቹ ማብቂያ የሌለው የድምፅ ጎርፍ ይለቃል፤ ማዜም ግን የዜማው ሐረግ የት እንደሚያርፍ እንዲወስን ያስገድደዋል። ብዙ ተማሪ ይህን ትቶ ወደ ፍጥነት ይሮጣል፤ ውጤቱም አሰልቺ ነው።

በበርክሊ የተማሩት የኢትዮ ጃዝ ሙዚቀኛ ሙላቱ አስታጥቄ ይህን የሃርመኒ ዕውቀት ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ሲያገናኙ፣ የኮርዶቹ ሽግግር ከቅኝቱ ጋር እንዴት ይስማማል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከዶ የሚነሳው ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ብቻ ነው። የጎደሉት ፋና ሲ ደግሞ ከላይ የታየውን ሽግግር የሚያንቀሳቅሱት ድምፆች ናቸው። ኮርዶች በላዩ ከተዥጎደጎዱ ቅኝቱ መልኩን ያጣል። በኢትዮ ጃዝ ብዙ ጊዜ ቤዙ አጭር ሐረግ ይደጋግማል፣ ኮርዱ እምብዛም አይነቃነቅም፣ ቫይብራፎኑም በቅኝቱ ውስጥ ይዘዋወራል። የሁለቱን መንገድ ልዩነት በጆሮው መለየት የሚሻ ጀማሪ የሚልት ጃክሰንን «ባግስ ግሩቭ» እና የሙላቱን «የከርሞ ሰው» አከታትሎ ያዳምጥ።