ጀነሬተር ከመግዛትዎ በፊት ቦታውን ያስቡ

ክረምት ሲመጣ "ዶክተር፣ ለቤት የትኛው ጀነሬተር ይሻላል?" ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ "የት ልታስቀምጡት ነው?" እላለሁ።

ዝናብ እንዳይመታው ብለን በረንዳ ወይም ዕቃ ቤት እናስገባዋለን። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኦክስጅኑ ሳስቷል፤ ብርዱም በርና መስኮት ያዘጋናል። አደጋው ይብሳል ማለት ነው።

ስለዚህ፦

✅ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ይሥሩለት። ጭስ ማውጫው ወደ ጎረቤትም አይዙር።

✅ ግድግዳ ሶኬት ላይ አይሰኩት። ባለሙያ ማቀያየሪያ (ቼንጅ ኦቨር) ይግጠምልዎ፤ አለዚያ ኃይሉ ወደ መስመሩ ተመልሶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

✅ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዘው "ምች ነው" ብላችሁ አትተኙ። ሁላችሁም ወደ ውጭ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል!

ጀነሬተር ላለው ጎረቤትዎ ያጋሩ።